ዋልተር ቱል፦ ደንቡ «መኮንን አይሆንም» ያለው የቶተንሃም አጥቂ

በየዓመቱ ጥቅምት ሊያልቅ ኅዳር ሊጠባ ሲል የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ተጫዋቾች ማሊያቸው ላይ ቀይ አበባ ታትሞ ወደ ሜዳ ሲገቡ ታያላችሁ። አበባው ፖፒ ይባላል። በጦርነት የሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በዚያ ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድ የድሮ ፎቶ ብቅ ይላል። የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ፀጉሩን ወደ ጎን ያበጠረ፣ ረጋ ያለ ፊት ያለው ወጣት ነው። ከሥሩም «የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች፣ የመጀመሪያው ጥቁር የእንግሊዝ መኮንን» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም።

ፎቶው የዋልተር ቱል ነው። ሁለቱ «የመጀመሪያው» የሚሉ ማዕረጎች ግን ልክ አይደሉም። እኔ ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። ያልሆነውን ሲጨምሩለት የሆነው ነገር ይሸፈንበታል ብዬ ስለማስብ ነው ይህን የምጽፈው። የሆነው ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ቱል ማን ነው?

የተወለደው ኤፕሪል 28 ቀን 1888 ነው። ቦታው ፎክስተን ትባላለች። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ግዛት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ነች። አባቱ ዳንኤል ቱል ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርቤዶስ የመጣ አናጺ ነበር። የዳንኤል አባት፣ ማለትም የዋልተር አያት፣ በባርነት የኖረ ሰው ነው። እናቱ አሊስ ፓልመር ግን እዚያው ኬንት የተወለደች ነጭ እንግሊዛዊት ነበረች።

ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። አባቱ የእናቱን ዘመድ ክላራን አገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ አባቱም በልብ ሕመም ሞተ። ክላራ ብቻዋን ያን ሁሉ ልጅ ማሳደግ አልቻለችም። ስለዚህ በ1898 ዋልተርና ታላቅ ወንድሙ ኤድዋርድ ምሥራቅ ለንደን፣ ቤትናል ግሪን ወደሚገኝ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ማሳደጊያ ተላኩ።

ማሳደጊያው የልጆች መዘምራን ነበሩት። እየዞሩ ይዘምራሉ፣ ለማሳደጊያውም ገንዘብ ያሰባስባሉ። ኤድዋርድ ጥሩ ድምፅ ነበረው። በዚያ ዙር ላይ ግላስጎው፣ ስኮትላንድ ውስጥ ዋርኖክ የሚባሉ ቤተሰቦች ወደዱትና ወሰዱት። እንደ ልጃቸው አሳደጉት። በኋላ የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር ለንደን ቀረ። እናት፣ አባት፣ አሁን ደግሞ ወንድም። ይህ ሁሉ ገና አሥራዎቹን ሳያጋምስ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን እስከ መጨረሻው አልተጠፋፉም። ከጦር ሜዳ የተጻፈው የመጨረሻው ደብዳቤም የደረሰው ኤድዋርድ እጅ ነው። እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

ኳስ ተጫዋች የሆነው እንዴት ነው?

ዋልተር ማሳደጊያው ውስጥ የማተሚያ ቤት ሙያ ተማረ። ኳሱን የጀመረውም ለማሳደጊያው ቡድን በመጫወት ነው። በ1908 ክላፕተን የሚባል የለንደን ክለብ ወሰደው። ክላፕተን የአማተር ክለብ ነበር። አማተር ማለት ለመጫወት ደመወዝ የማይከፈለው፣ በሌላ ሥራ እየኖረ ለፍቅር የሚጫወት ማለት ነው። በዚያን ዘመን አማተርነት እንደ ማነስ አይታይም ነበር። እንዲያውም ትልልቅ ሰዎች ገንዘብ የማይነካውን ኳስ ይበልጥ ያከብሩት ነበር።

በዚያ አንድ የውድድር ዘመን ክላፕተን ሦስት ዋንጫ በላ። ከነሱ አንዱ የመላ እንግሊዝ የአማተሮች ዋንጫ ነው። ወዲያው ቶተንሃም መጣ። ቶተንሃም በ1909 ገና ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ማደጉ ነበር። አንደኛ ዲቪዚዮን የዛሬው ፕሪምየር ሊግ ቦታ ላይ የነበረው ውድድር ነው። ክለቡ በበጋው ቱልን ይዞ ወደ አርጀንቲናና ኡራጓይ ጉዞ ሄደ። በመርከብ ነው፣ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ። የማሳደጊያው ልጅ 21 ዓመቱ ላይ አትላንቲክን አቋርጦ ደቡብ አሜሪካ ኳስ ሲጫወት አስቡት።

ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆኖ ፈረመ። የፊርማ ክፍያው 10 ፓውንድ፣ ደመወዙ በሳምንት 4 ፓውንድ። ይህ ቱልን ለመጉዳት የተወሰነ ነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ሁሉ የደመወዝ ጣሪያ ነበረባቸው። ኮከብ ሁን አትሁን፣ ከጣሪያው በላይ አይከፈልህም።

የዝውውሩ ሕግም እንደ ዛሬው አልነበረም። አሁን ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ይሄዳል። ያኔ ግን ውሉ ቢያልቅም ክለቡ መዝገቡን ካልለቀቀለት ሌላ ክለብ መግባት አይችልም። ቤቱን ለቅቀህ ወጥተህ ቁልፉ ግን አከራዩ ኪስ ውስጥ እንደቀረ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ጦርነቱ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ብሪስቶል ላይ ምን ሆነ?

ቱል ኢንሳይድ ፎርዋርድ ነበር የሚጫወተው። በዛሬ አነጋገር ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚያቀብልና የሚያገባ፣ በ8 እና በ10 ቁጥር መሀል ያለ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 1909 ከሰንደርላንድ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ጋዜጦች ወደዱት። ኳሱን ሳይቸኩል ይይዛል፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ያቀብላል፣ ጉልበት አያበዛም። የጻፉለት ይህን ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ቶተንሃም ወደ ብሪስቶል ሄደ። ከደጋፊዎቹ መሀል የተወሰኑት ጨዋታው እስኪያልቅ በቆዳ ቀለሙ ሰደቡት። ፉትቦል ስታር የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ቦታው ላይ ነበር። ስድቡን የዓሣ ገበያ ሰው እንኳ የማይናገረው ሲል ገለጸው። ሰዳቢዎቹን ወሮበሎች አላቸው። ስለ ቱል ደግሞ በሜዳው ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፣ በአእምሮውም በአጨዋወቱም ንጹሕ ስለሆነ ለነጭ ተጫዋቾች ሁሉ ምሳሌ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ይህ የተጻፈው በ1909 ነው። ስለ ዘረኝነት በስታዲየም ሲወራ «ድሮ እኮ ማንም እንደ ጥፋት አያየውም ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ያየ ነበር። ጽፎታልም።

ከዚያ በኋላ የቶተንሃም ቦታው ጠበበ። ሁለት የውድድር ዘመን ቆይቶ በጠቅላላው 10 የሊግ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። 2 ጎል አገባ። አብዛኛውን ጊዜ በተጠባባቂ ቡድን አሳለፈ።

ታዲያ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ማን ነበር?

አርተር ዋርተን ነው። በ1865 አክራ፣ የዛሬዋ ጋና ውስጥ የተወለደ በረኛ ነው። እጅግ ፈጣን ሯጭም ነበር። በ1889 ሮዘርሃም ታውን በደመወዝ ቀጠረው። ቱል በዚያ ዓመት ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነው። ከሱም በፊት አንድሩ ዋትሰን የሚባል ትውልዱ ከብሪቲሽ ጊያና የሆነ ተከላካይ በ1881 የስኮትላንድን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መርቷል። ዋትሰን ግን አማተር ነበር። ቱል ከነዚህ ቀጥሎ የመጣ ነው።

ኖርዝሃምፕተን ለምን ትልቅ ቦታ ይዟል?

በ1911 ኖርዝሃምፕተን ታውን ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከፍሎ ወሰደው። ክለቡ የሚጫወተው በሳውዘርን ሊግ ስለነበር ነገሩ ከላይ ወደ ታች መውረድ ይመስላል። አሠልጣኙ ግን ኸርበርት ቻፕማን ነበር። የአርሰናል ደጋፊዎች ይህን ስም ያውቁታል። ቻፕማን በኋላ ሃደርስፊልድንና አርሰናልን ሻምፒዮን ያደረገ፣ የእንግሊዝን ኳስ ከቀየሩት ሰዎች አንዱ ነው። ያኔ ገና ጀማሪ አሠልጣኝ ነው። ቱልን የፈለገው እሱ ነው።

ቻፕማን ቱልን ወደ ኋላ ስቦ አማካይ አደረገው። በዚያ ቦታ በቀለ። 111 ጊዜ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፣ 9 ጎል አገባ። ከተማውም ወደደው። ጦርነቱ ሲነሳ ቱል የኖርዝሃምፕተን ሁነኛ ተጫዋች ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር ኳስ ለምን አልቆመም?

ብሪታንያ ኦገስት 4 ቀን 1914 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባች። የውድድር ዘመኑ ሊጀምር ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ያኔ ብሪታንያ የግዳጅ ውትድርና አልነበራትም፤ የሚዘምተው የፈለገ ብቻ ነው። የግዳጁ ሕግ የመጣው በ1916 ነው። ሊጉም ጨዋታው ይቀጥል አለ። ምክንያቶቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ ጦርነቱ ቶሎ ያልቃል ብሎ ገምቷል። ሁለተኛ፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ውል ነው። ተጫዋቹ የክለቡ ቅጥር ነው። ክለቡ ካልለቀቀው ተነስቶ መሄድ ውል ማፍረስ ይሆንበታል።

ቁጣው ከባድ ነበር። ወጣቶች ፈረንሳይ ውስጥ እየሞቱ ጠንካራ ጎረምሶች ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይራገጣሉ፣ ሺዎች ደግሞ ቆመው ያያሉ ተባለ። ጋዜጦች ጮኹ። ታዋቂው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር ኳስ ተጫዋቾች ጉልበታቸውን ለጦር ሜዳ እንዲያውሉ በይፋ ጠየቀ። ከዘማቾቹ ቤተሰቦች ጎን ሆኖ ሲታይ ቁጣው ይገባኛል። ግን ሌላም ነገር አለ። ከክሪኬትና ከራግቢ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ሀብታም አማተሮች ነበሩ። ኳስ ተጫዋቹ ግን የሠራተኛ ልጅ ነው፣ የሚበላው ከዚያችው 4 ፓውንድ ነው።

መፍትሔው ዲሴምበር 15 ቀን 1914 መጣ። የፓርላማ አባሉ ዊልያም ጆይንሰን ሂክስ በለንደኑ የፉልሃም ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ጠራ። ሐሳቡ ተጫዋቾች ብቻቸውን ሳይሆን አብረው እንዲዘምቱ፣ የራሳቸው ሻለቃ ጦር እንዲቋቋም ነበር። በዚያው ቀን 35 ፕሮፌሽናሎች ተመዘገቡ። የመጀመሪያው የብራድፎርድ ሲቲው ፍራንክ በክሊ ነው። የሻለቃው የሰነድ ስም 17ኛው ሚድልሴክስ ይባላል። ሰው የሚጠራው ግን «የኳስ ሻለቃ» እያለ ነበር።

ይህ ዓይነቱ አመላመል በዚያ ዘመን የተለመደ ነው። አንድ ሰፈር፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቢሮ ያሉ ጓደኞች አብረው ይመዘገባሉ፣ አብረው እንደሚቀሩም ቃል ይገባላቸዋል። የአንድ እድር ሰዎች ሙሉውን አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ገቡ እንበል። መመልመሉን ያቀለዋል፣ ለብቻው የማይሄድ ሰው ከጓደኛው ጋር ይሄዳልና። ክፋቱ የሚታየው ውጊያው ላይ ነው። አንድ መጥፎ ጠዋት አንድ ሰፈር ሙሉ ድንኳን ይተከላል። የስኮትላንዱ ሃርትስ በ1914 ሊጉን እየመራ ሳለ ተጫዋቾቹ በአንድነት ዘመቱ። ሰባቱ አልተመለሱም። ከለንደኑ ክላፕተን ኦሪየንትም 41 ሰዎች፣ ተጫዋቾችና የክለቡ ሠራተኞች፣ ተመዘገቡ። ሦስት ተጫዋቾች ሞቱ።

ቱል የተመዘገበው በዚያው ወር፣ ሻለቃው ከተቋቋመ ሳምንት ሳይሞላው ነው። ሊጉም የ1915ቱ የውድድር ዘመን ሲያልቅ ቆመ። እስከ 1919 አልተመለሰም። ያ ዓመት ያለቀበት የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ተደርጎ ሸፊልድ ዩናይትድ ቼልሲን 3 ለ 0 አሸነፈ። ስታዲየሙ ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰው ተመልካች ስለበዛ ጨዋታው እስካሁን «የካኪ ፍጻሜ» ይባላል።

ጦር ሜዳ ላይ ምን ገጠመው?

ሻለቃው በኖቬምበር 1915 ፈረንሳይ ገባ። ቱል በዚያን ጊዜ ማዕረጉ እያደገ ሄዶ ሃምሳ አለቃ ደርሷል። ከዚያ ምሽግ ውስጥ ክረምት ነው። ጭቃ፣ አይጥ፣ ቀን ከሌት የመድፍ ድምፅ።

በሜይ 1916 ታመመና ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሕመሙ ዛሬም የምንሰማው «ሼል ሾክ» የሚባለው ዓይነት ነው። ሼል የመድፍ ጥይት ነው። የማያቋርጥ ድብደባ ውስጥ የከረመ ሰው አካሉ ላይ ቁስል ሳይኖር ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ አእምሮው ይናወጣል። ብዙ አዛዦች ፍርሃት ነው ይሉት ነበር። ዛሬ የአእምሮ ጉዳት እንደሆነ እናውቃለን።

ይህን ክፍል የሚዘሉት ጸሐፊዎች አሉ፣ ጀግናን ያሳንሳል ብለው መሰለኝ። ለእኔ ግን ቀጥሎ ያለው ነገር ከዚህ ተነጥሎ አይገባኝም። ቱል ድኖ በዚያው ዓመት መከር ላይ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። የተመለሰው ወደ ሶም ነው። ከጁላይ እስከ ኖቬምበር 1916 የዘለቀው የሶም ውጊያ በዓለም ታሪክ ብዙ ሰው ካለቀባቸው ውጊያዎች አንዱ ነው። የኳስ ሻለቃውም እዚያ ክፉኛ ተመታ። ዲሴምበር ላይ ቱል የምሽግ ትኩሳት ያዘው። በቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነው። እንደገና ወደ አገሩ ተላከ።

ደንቡ ከከለከለው እንዴት መኮንን ሆነ?

የሠራዊት ማዕረግ ሁለት ደረጃ አለው እንበል። ታች ያለው ተራ ወታደሩ፣ አሥር አለቃው፣ ሃምሳ አለቃው ነው። ላይ ያለው መኮንኑ ነው፤ ከምክትል መቶ አለቃ ጀምሮ እስከ ጄኔራል። በመሀል ግድግዳ አለ። በእንግሊዝ ሠራዊት ያንን ግድግዳ የሚያልፉት በልማድ የመሳፍንትና የባለ ሀብት ልጆች፣ ትልልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። የሠራተኛ ልጅ ነጭም ቢሆን ያልፋል ተብሎ አይጠበቅም።

በዚያ ላይ የቆዳ ቀለም አለ። የሠራዊቱ የአመላመል መመሪያ ለመኮንንነት የሚያመለክት ሰው ዘሩ «ንጹሕ አውሮፓዊ» እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ማመልከቻው ቅጽ ላይም ይህ ጥያቄ ተጽፏል። የ1914ቱ የወታደራዊ ሕግ መጽሐፍም ባዕዳንንና ጥቁሮችን በሚመለከተው ክፍሉ ከሃምሳ አለቆች ረድፍ በላይ እንዳይወጡ የሚያግድ አንቀጽ ነበረው። አንቀጹ እንደ ቱል እንግሊዝ ውስጥ የተወለደን ሰው ይመለከታል አይመለከትም በሚለው የታሪክ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። የሠራዊቱ ፍላጎት ግን ግልጽ ነበር። ነጭ ወታደር ከጥቁር አዛዥ ትእዛዝ አይቀበልም የሚል እምነት ነው። አድዋ ከሆነ 18 ዓመት አልፎ እንኳ ይህ እምነት በቅጽ ታትሞ ይሞላ ነበር።

በር የከፈተው ሞት ነው። በዚህ ጦርነት ትንንሾቹ መኮንኖች ከምሽግ ቀድመው የሚወጡ ናቸው። ምክትል መቶ አለቃው ከ30 እስከ 50 የሚደርሱ ሰዎች ይመራል፣ «ተከተሉኝ» ብሎ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ከወታደሮቹ በላይ በብዛት ይሞታል። ሶም ሲያልቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ልጅ አልቆባቸው ነበር ማለት ይቻላል። ሠራዊቱ ከ1916 ጀምሮ የእጩ መኮንኖች ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። ከታች ያለ፣ በውጊያ የተፈተነ ሰው የበላይ አዛዡ ካመነበት ያቀርበዋል፣ አራት ወር ያህል ይሠለጥናል፣ ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ የሚቆይ ጊዜያዊ የመኮንንነት ሹመት ያገኛል። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ብዙ በር ከፍቷል። ሕጉ አልተሻረም። ሰው ስለጠፋ ዓይን ጨፈን ተደረገለት።

ለቱል ዋናው ነገር ያ «የበላይ አዛዡ ካመነበት» የሚለው ነው። በጽሑፍ የተቀመጠው ደንብ አይችልም ይላል። ከሱ ጋር አብረው ምሽግ ውስጥ የከረሙት አዛዦቹ ግን ይችላል ብለው ስሙን አቀረቡት። በፌብሩዋሪ 1917 ስኮትላንድ ውስጥ ጌይልስ ወደሚባል ማሠልጠኛ ገባ። ሜይ 30 ቀን 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ።

የመጀመሪያው ነበር? አይደለም። ለምሳሌ ጃማይካ የተወለደው ጆርጅ ቤማንድ በ1915 የመድፈኛ መኮንን ሆኗል፤ በ1916 መጨረሻ ተገድሏል። ቤማንድ ቅጹ ላይ «ንጹሕ አውሮፓዊ» ነኝ ብሎ ነው ያለፈው። ይህም ራሱ ቅጹ ምን ያህል ሰው እንዳስጨነቀ ይናገራል። የቱል መልክ ግን የሚደበቅ አልነበረም። ያውም አገር የሚያውቀው፣ ጋዜጣ ላይ ፎቶው የወጣ ኳስ ተጫዋች ነው። ሁሉም እያየው ነው የተሾመው። ነጭ ወታደሮችን በእግረኛ ጦር ግንባር የመራ ጥቁር መኮንን ሆኖ ስሙ የቆየውም ለዚህ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ምን ሠራ?

ቱል የተመደበው 23ኛው ሚድልሴክስ ላይ ነው። ይህም ሁለተኛው የኳስ ሻለቃ ነው። በ1917 ቤልጂየም ውስጥ በኢፐር አካባቢ ተዋጋ። በጭቃው የሚታወቀው፣ ፓስንዴል የሚባለው ውጊያ ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የጣሊያን ጦር ካፖሬቶ ላይ ክፉኛ ተሸነፈ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣሊያንን ለመደገፍ ጦር ላኩ። የቱል ሻለቃ ከነሱ አንዱ ሆነ። ግንባሩ የፒያቬ ወንዝ ነው። ከወዲህ ማዶ ጣሊያንና አጋሮቿ፣ ከወዲያ ማዶ ኦስትሪያ ሃንጋሪ።

በ1918 አዲስ ዓመት መግቢያ ላይ ቱል 26 ሰዎች ይዞ ያንን ወንዝ በሌሊት ተሻገረ። ፒያቬ ከአልፕስ ተራራ የሚወርድ፣ የሚጋልብ ወንዝ ነው። ወሩ ጃንዋሪ ነው፣ ውሃው በረዶ ነው። ተልእኮው ከወዲያ ማዶ ያለውን የጠላት ይዞታ ማጥቃትና መሰለል ነበር። ተኩስ ተከፈተባቸው። ቱል 26ቱንም ሰዎች አንድም ሳይሞት ሳይቆስል መልሶ አመጣቸው። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ሲድኒ ሎፎርድ ስለ ጀግንነቱና ስለ እርጋታው በጽሑፍ አመሰገኑት። እርጋታ። በ1909 የለንደን ጋዜጦች ስለ ኳስ አያያዙ ያሉትም ይህንኑ ነበር።

እንዴት ሞተ? መቃብሩስ ለምን የለም?

በ1918 መጀመሪያ ሩሲያ ከጦርነቱ ወጣች። ጀርመን በምሥራቅ የነበረውን ጦሯን ወደ ምዕራብ አዞረች። የአሜሪካ ጦር በብዛት ሳይደርስ ማሸነፍ ፈለገች። ማርች 21 ቀን ከባድ ማጥቃት ጀመረች። የእንግሊዝ መስመር ተሰበረ። ለዓመታት ከምሽግ ምሽግ ሲተኩስ የኖረ ጦር በቀናት ውስጥ በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሸሸ። ከጣሊያን ገና የተመለሰው የቱል ሻለቃ በዚህ መሀል ገባ።

ማርች 25 ቀን ቱል ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ባፖም አጠገብ ፋቭሪዬ በምትባል መንደር ሰዎቹን ይዞ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሳለ ተመታ። 29 ዓመቱ ነበር። 30 ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶታል።

ወታደሮቹ አስከሬኑን ለማምጣት ሞከሩ። ከነሱ አንዱ ቶም ቢሊንግሃም ነው። ለሌስተር ፎስ፣ ማለትም ለዛሬው ሌስተር ሲቲ፣ በረኛ የነበረ ሰው ነው። ጀርመኖች እየቀረቡ ስለነበር ትቶት መሄድ ግድ ሆነበት። ጦር እየገፋ ሲመጣ ከኋላ የወደቀው ሰው በጠላት እጅ ይቀራል። በዚያው ቦታ በወራት ውስጥ እንደገና ውጊያ ይደረጋል፣ መድፍ መሬቱን ያገላብጠዋል። ምልክት የሌለው መቃብር ቢኖር እንኳ ይጠፋል። የቱል አስከሬን አልተገኘም።

ሜዳሊያውስ?

ቅድም የጠቀስኩት ደብዳቤ እዚህ ላይ ይመጣል። ቱል ከሞተ በኋላ ፒካርድ የሚባል መኮንን ጓደኛው ለኤድዋርድ ጻፈ። በሻለቃው ሁሉ የተወደደ እንደነበር ገለጸለት። ለሚሊታሪ ክሮስ ታጭቶ እንደነበርና በእርግጥም እንደሚገባው ጨመረ። ሚሊታሪ ክሮስ በ1914 መጨረሻ የተጀመረ፣ ያኔ ለዝቅተኛ መኮንኖች የጀግንነት ሥራ ይሰጥ የነበረ ሜዳሊያ ነው።

ሜዳሊያው አልተሰጠውም። ለምን የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አንዳንዶች መሸለም ማለት ያልተፈቀደ ሹመት መኖሩን በአደባባይ ማመን ስለሆነ ነው ይላሉ። ሌላ ግልጽ ምክንያትም አለ። በዚያን ዘመን ሚሊታሪ ክሮስ ለሞተ ሰው አይሰጥም ነበር። ይህ የተቀየረው በ1979 ነው። ቤተሰቡና የፓርላማ አባላት ዛሬ እንዲሰጠው ደጋግመው ጠይቀዋል። የመንግሥት መልስ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ኋላ ተመልሰን ሜዳሊያ አንሰጥም የሚል ነው። አንድ ከተሰጠ ሌሎች ሺዎችም ይጠይቃሉ ነው ስጋቱ። እኔ ስጋቱ ይገባኛል። ግን አዛዦቹ ጽፈውለት፣ ጓደኛው መስክሮለት፣ ደንቡ ብቻ ያስቀረበት ሰው ሌላ ስንት ይኖራል?

ታሪኩ ለምን ይህን ያህል ዘግይቶ ታወቀ?

ቱል ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የሚያስታውሰው ወንድሙ ነው፤ ፎቶዎቹን፣ ደብዳቤዎቹን ያስቀመጠው እሱና ከሱ በኋላ የመጡት ዘመዶቹ ናቸው። ክለቦቹም ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ትውልድ ተኩ። ስሙን በሰፊው መልሰው ያወጡት ፊል ቫሲሊን የመሰሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1999 ኖርዝሃምፕተን ስታዲየሙ አጠገብ የመታሰቢያ ቦታ አቆመለት፣ ወደ ስታዲየሙ የሚወስደው መንገድም በስሙ ተጠራ። በ2018፣ በሞተ በመቶ ዓመቱ፣ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ምስሉን በቴምብር አወጣ።

ሰሜን ፈረንሳይ የምትሄዱ ከሆነ ስሙን የምታገኙት አራስ ከተማ፣ ፎቡር ዳሚያን የሚባለው የወታደሮች መቃብር ቦታ ነው። መቃብር የሌላቸው ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ስም ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። የተጻፉት በየጦር ክፍላቸው ነው። ሰባተኛው ክፍል ላይ የሚድልሴክስን ረድፍ ፈልጉ። ከምክትል መቶ አለቆቹ መሀል ነው።